የዳኮታዋ ሆድ

ዋንዛ ቀለም ይጠጣል። ሳይዘጋጅ ከተቀባ የመጀመሪያው እጅ ቀለም ሰርጎ ይጠፋል፤ ሁለተኛው እጅ ደግሞ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ቦታ ቦታውን ለቆ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ስቱኮ በስሱ ይለቀለቅና የእንጨቱ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ከዚያ ሥረ ቀለሙ ይቀባል፣ እሱም ደርቆ ይፈገፈጋል። ዋናው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ያስተማረኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቦሌ በሚገኘው የአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ቀለም ቀቢ ነበር። እኔ ግን ትምህርቱን ያገኘሁት በጓሯችን፣ ለታናሽ እህቴ የእንጨት አውሮፕላን ሲሠራላት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነበር። የምንኖረው ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ስለነበር፣ ለማረፍ ዝቅ የሚል አውሮፕላን በቤታችን አናት ሲያልፍ የጣሪያው ቆርቆሮ ይርገበገባል፣ ረከቦት ላይ የተደረደሩት ስኒዎች ይንቀጫቀጫሉ። የሰፈሩ ልጆች አውሮፕላን የምንለየው ገና ሳናየው፣ በድምፁ ነበር። በግንቦት 1976 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ አዲስ አበባ የገባው አዲሱ ቦይንግ 767 ድምፁ ለስላሳ ነው። 727 ሲነሣ ጆሮ ይበሳል። ባለ ፕሮፔለሯ ዳኮታ ግን ገና ከሩቅ እያጉረመረመች ትመጣለች፤ አልፋም ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ቶሎ አይጠፋም።

በዚያ ዓመት ከዚያ በፊት ሰምተናቸው የማናውቅ ድምፆች መጡ። ወሎና ትግራይ በረሃብ ተመትተው ነበርና ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ፣ የጀርመን ትራንሳል፣ የሶቪየት አንቶኖቭ እህል ሊጭኑ ይመላለሱ ጀመር። መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ አውሮፕላኖቹ መሬት ሊነኩ ትንሽ እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው የእህል ከረጢት እንደሚጥሉ ትልልቆቹ ሲያወሩ እንሰማ ነበር። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ሁሉም ዝም ይላል። ደጅ ስንወጣ ደግሞ ከበላያችን የሚያልፈው ያው ጨለምለም ያለ ትልቅ ሆድ ነው።

እህቴን ሁላችንም ሚጣ እንላት ነበር። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከቤት ትወጣና መሬት ላይ በጀርባዋ ትንጋለላለች። እናታችን ቀሚስሽን አቆሸሽ እያለች ብትቆጣት አትሰማም። ቆሞ አንጋጦ ማየት አንገት ያማል ባይ ናት።

በሰፈራችን አውሮፕላን መሥራት አዲስ ነገር አልነበረም። የበቆሎ አገዳ ልጣጩ ተገፎ፣ ቡጡ አካል፣ ልጣጩ ማያያዣ ሆኖ ግሩም አውሮፕላን ይወጣዋል። ከሽቦ መኪና የሚሠሩ፣ ቆርኪ ጎማ የሚያደርጉ፣ መሪውን በረጅም ዘንግ እየነዱ ሰፈር የሚያዞሩ ጎበዞች ነበሩን። እነዚህ መጫወቻዎች ግን በወንዶቹ እጅ ነበሩ፤ ሚጣ ስትጠይቅ ወይ ይከለክሏታል ወይ የተሰበረውን ይሰጧታል። አንድ ቀን አጎቴ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ጠብቃ፣ «ጋሽዬ፣ የእኔ ብቻ የሆነ አውሮፕላን ሥራልኝ» አለችው። እሱም ተቀመጠና ጥያቄዋን በደንብ ሰማ። የትኛውን አውሮፕላን እንደምትፈልግ፣ ስንት ሞተር እንዳለው፣ የት የት እንደሚበር ጠየቃት። ዳኮታ አለች። ዳኮታ ስትሄድ ረጅም ጊዜ ትታያለች፤ ጄቶቹ ግን ሳይጠገቡ ያልፋሉ።

ምርጫዋ አጎቴን ደስ እንዳሰኘው አስታውሳለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥሪት ሲ-47 ይባል ነበር እንጂ አካሉ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ጄቶች መጡ፣ ውቅያኖስ ተሻገሩ፤ ዳኮታዎቹ ግን ወደ ጎሬ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ላሊበላ፣ አስፋልት በሌለው ሜዳ ላይ እያረፉ አገር ውስጥ ሲያገለግሉ ኖሩ። አጎቴ ስለነሱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ሃንጋር ሲገቡ ሆዳቸው ላይ የየአገሩ ጭቃ እንዳለ ነው ይል ነበር፤ የጅማው ቀይ፣ የጎንደሩ ጥቁር።

መለኪያውን ሃምሳ እጅ አሳንሶ ነው የሠራው። የእውነተኛዋ ዳኮታ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ነውና የእህቴ 58 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ርዝመቷ ከ39 ሳንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ለአንዲት ሕፃን መጫወቻ ይህ ሁሉ ስሌት ምን ያደርጋል ያለው ሰው አልጠፋም፤ አንድ ጎረቤታችን በአጥር ላይ ሆኖ ይህንኑ ጠይቆታል። አጎቴም፣ «ልጅቷ ዳኮታ ነው ያለችኝ፤ ዳኮታ የሚመስል ነገር አላለችም» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ይህ መልስ ያኔ አልገረመኝም። ዛሬ ለልጅ ተብሎ የሚሠራውን ግድየለሽ ነገር ሁሉ ሳይ ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ልጅ አያውቅም ተብሎ ነው ጎማው የማይዞረው፣ በሩ በቀለም ብቻ የሚሣለው። ልጅ ግን ያውቃል፤ ለማየት ጊዜ ያለው እሱ ነው።

እንጨቱ ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ቤት የተገኘ የዋንዛ ቁራጭ ነበር። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ጎኗንና አናቷን በካርቶን ላይ ሥሎ ቆረጠ፤ ካርቶኑን እንጨቱ ላይ አስደግፎ በእርሳስ ዞረው፤ ትርፉን በመጋዝ አነሣ፤ ከዚያ እንጨቱን ሞርሳ ላይ አሥሮ በመሮና በሞረድ ያዘው። ክንፉ ላይ ብዙ ቆየ። የዳኮታ ክንፍ ከፊት በኩል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከኋላ በኩል ግን ከሞላ ጎደል ቀጥ ያለ ነው፤ ከሞተሮቹ ወዲያ ደግሞ ወደ ላይ ቀና ይላል። ይህ ቀና ማለት ካልመጣ አውሮፕላኗ የሞተች ትመስላለች ብሎ፣ ክንፉን በሦስት ቁራጭ ሠርቶ ጫፎቹን በሰያፍ ፈግፍጎ በኮላ አጋጠማቸው። ሞተሮቹ ከመጥረጊያ እጀታ ተቆረጡ። ባለ ሦስት ቅጠሎቹ ፕሮፔለሮች ከወተት ዱቄት ቆርቆሮ ወጡ፤ መሐላቸው ተበስቶ በሚስማር ስለገቡ ነፋስ ሲነካቸው ይዞራሉ። ጎማዎቹን ከአሮጌ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ክብ አድርጎ ቆረጣቸው። የጭራዋ ትንሽ ጎማ የኮት ቁልፍ ነበረች። ዳኮታ መሬት ላይ ስትቆም ጭራዋን አሳርፋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሣለችና፣ ያ አቋቋም እስኪመጣ ድረስ የፊት እግሮቿን ቁመት እየለካ ሞረደ።

ቀለሙ የተገዛው መርካቶ ነው። ከሥራ ቦታው አንዲት ጠብታ አላመጣም፤ እናቴ አንዴ በጨዋታ ስታነሣበት ፊቱ ተለዋውጦ ስለነበር ሁለተኛ አላነሣችውም። ቅዳሜ ከሰዓት ይዞኝ ሄዶ ምናለሽ ተራ ከጣሳ ሥር የቀረ ቀለም እያስከፈተ፣ በእንጨት እያማሰለ፣ ጥፍሩ ላይ ጠብ አድርጎ ወደ ብርሃን እያዞረ መረጠ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ለአፍንጫዋ አናት ጥቁር። ጥቁሩ ለጌጥ አይደለም። በአብራሪው መስኮት ፊት ያለው ገላ ካልጠቆረ ፀሐይ ነጥራ ዓይን ውስጥ ትረጫለች። ይህን ሲነግረኝ የገባኝ ነገር፣ አውሮፕላን ላይ ያለ ቀለም ሁሉ ሥራ እንዳለው ነው። ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። ክብደት ይጨምራል፤ ትልልቆቹ ጄቶች ብዙ መቶ ኪሎ ቀለም ተሸክመው ነው የሚበሩት። የጭራው መቅዘፊያና የክንፉ ተንቀሳቃሽ ቅጠል ሲቀቡ ደግሞ እንደገና ይመዘናሉ፤ ከማጠፊያው በስተኋላ የተጨመረ ትንሽ ቀለም ሚዛናቸውን ቢያዛባ በፍጥነት ሲበሩ ሊርገበገቡና ሊሰበሩ ይችላሉና። አጎቴ ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ ደጋግሞ የሚያብሰው ከዚህ ልማድ ነበር። በስሱ ይቀባል፣ ይጠብቃል፣ ይፈገፍጋል፣ ደግሞ በስሱ ይቀባል።

መጠበቁ ከባድ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፣ ቀለሙ በአኳራጃ ቢቀጥንም አይደርቅም። አቧራ እንዳይነካት የዕቃ ቤቱን ወለል ውሃ ረጭቶ፣ አውሮፕላኗን በቀጭን ሽቦ ከማገሩ ላይ ሰቅሎ በሩን ይዘጋል። ሦስቱ ቀለማት በጎኗ የሚሄዱት እርስ በርስ ሳይነካኩ ነውና ለእያንዳንዱ መስመር የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ይቀባል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በቀስታ ይላጣል። ጠርዙ ምላጭ የመሰለ መስመር ሲወጣ እኔ ትንፋሼን እይዝ ነበር። በአፍንጫዋ አጠገብ አንበሳውን ለመሣል የቤታችንን ድመት ጭራ ፀጉር ቆርጦ ከክብሪት እንጨት ጋር አሠረ። ጅራቷ ላይ ከሚጻፈው የምዝገባ ቁጥር ሲደርስ፣ እውነተኞቹ በላቲን ፊደል የሚጽፉትን «ኢቲ» በፊደላችን ጻፈና ከጎኑ ሰረዝ አድርጎ «ሚጣ» አለ።

ሚጣ በሩን እንዳትከፍት ብትከለከልም በር ሥር ባለው ክፍተት እየገባች ከተሰቀለችው አውሮፕላን ሥር በጀርባዋ ትንጋለላለች። አንድ ቀን አጎቴ እዚያው ተኝታ አገኛት። ይቆጣታል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንዴት ናት?» አላት። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ሆዷ ባዶ ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። ጎኗ ባለ ሦስት ቀለም፣ አናቷ ነጭ፣ መስኮቶቿ አንድ በአንድ ተሥለዋል፤ ከሥር ግን ሥረ ቀለሙ ላይ አንድ እጅ ግራጫ ብቻ ነበር። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሆዱ አይታይም። ይህቺ ልጅ ግን በሕይወቷ አውሮፕላንን ከላይም ከጎንም በቅርብ ዓይታ አታውቅም። ለእሷ አውሮፕላን ማለት ሆድ ነው። አጎቴ ቁልቁል ዓያት፣ ከዚያ እሱም እርጥቡ ወለል ላይ፣ በሥራ ቱታው፣ ከጎኗ ተንጋለለ። ሁለቱ ከሥር ሆነው ብዙ አወሩ። ምን ዓይነት ሆድ ትፈልጊያለሽ? ግራጫ አይሁን። ታዲያ ምን ይሁን? አበባ። የምን አበባ? የእንቁጣጣሽ።

በዚህ ጊዜ እኔ ተጠራሁ። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥለን ለየቤቱ የምንሰጥ ስለሆነ፣ በዚያ ክረምት ወረቀቶቼን እያዘጋጀሁ ነበር። አጎቴ አደይ አበባ በካርቶን ላይ እንድሥል ጠየቀኝ፤ ትልቅ፣ ቅጠሏ በክንፎቹ ሥር እስከ ሞተሮቹ የሚደርስ። የሣልኩትን በምላጭ አወጣው፣ ካርቶኑን ሆዷ ላይ አሥሮ ቢጫውን በስፖንጅ እየነካካ አሳረፈው። መሐሉን ብርቱካናማ ያደረገው ቀዩን ከቢጫው ቀላቅሎ ነው። ይህን ሲሠራ የነበረው ጥንቃቄ ጎኗን ሲሠራ ከነበረው አልተለየም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ፈግፍጎ አነሣው፤ የአበባዋ መሐል ከአካሏ መሐል ትንሽ ስለራቀ።

የ1978 እንቁጣጣሽ ማለዳ ሚጣ አውሮፕላኗን ይዛ ወጣች። ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ ሲሰበሰቡ እሷ ዳኮታዋን ከራሷ በላይ አንሥታ እየሮጠች፣ ከንፈሯን እያርገበገበች፣ ፕሮፔለሮቹ እየዞሩ፣ ልጆቹ ሁሉ ከሥር ቢጫዋን አበባ እያዩ ተከተሏት። ልጅ አውሮፕላን የሚያበረው ከራሱ በላይ ነው፤ ሌላው ልጅ የሚያየው ሆዱን ነው። ይህን ከመካከላችን አስቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች።

ጨዋታዋ አንድ ነበር፤ እህል መጫን። የቆሎውን ሰፌድ ከእናቴ አጠገብ አንሥታ፣ ጭብጥ ሙሉ ይዛ፣ ዳኮታዋን በሌላው እጇ እያበረረች፣ ከበላያችን ስትደርስ ቆሎውን ትለቀዋለች። እኛ ከሥር ሆነን እንሻማለን። እናቴ እህል ሲደፋ ዓይታ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ዓየች፤ ከዚያ ገብታ ሌላ ቆሎ ምጣዱ ላይ ጣለች። የእናቴ የአጎት ልጆች ወሎ ነበሩ።

ቀለሙ መልቀቅ የጀመረው ከሆዷ ነው፤ እጅ የሚይዘው እዚያ ነዋ። በመጀመሪያ የአበባዋ መሐል ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ቢጫው ሥር ግራጫው ታየ፣ ከዚያ ነጩ ስቱኮ፣ በመጨረሻ ዋንዛው ራሱ በልጅ መዳፍ ላብ ለስልሶና ጠቁሮ ወጣ። ጎኗ ላይ ያሉት ሦስቱ መስመሮች ግን እስካሁን ደህና ናቸው። አጎቴ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አበባዋን ሊያድሳት ሐሳብ ያቀርብ ነበር፤ ሚጣ አንድ ጊዜ ብቻ ፈቀደች። ከዚያ በኋላ፣ እጇ ቦታውን የሚያውቀው ስላልተቀባ ነው ብላ እምቢ አለች።

አጎቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ነፍሱን ይማር። ለቅሶው ላይ አብረውት የሠሩ ሰዎች መጥተው ድንኳን ውስጥ ሲያወሩ፣ ከቤተሰቡ ማናችንም ሰምተን የማናውቀውን ነገር ሰማሁ። ሃንጋር ውስጥ ማንም የማይወደው ሥራ የሆድ ሥራ ነው። ዘይቱ፣ ቅባቱ፣ ከሜዳ የተነሣው ጭቃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ቀቢው በጀርባው ተንጋሎ ወደ ላይ ሲሠራ የሚንጠባጠበው በፊቱና በአንገቱ ላይ ይወርዳል። በአውሮፕላን አካል ውስጥ የሚጠራቀም ውሃም ወደ ታች ስለሚወርድ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው፤ የተፋቀች ቦታ ሳትታይ ካለፈች ብረቱን ከውስጥ ትበላዋለች። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ እንዳሉት፣ አጎቴ ይህን ሥራ ለወጣቶቹ አይተወውም ነበር፤ በባትሪ እያበራ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ጀርባው ላይ ተኝቶ ነው የኖረው። ሚጣ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እጇ ጉልበቴን ጨበጠው።

ዛሬ እሷ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ወንድ ልጅ አላት። በጥር 2016 «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ስትመለስ ልጁ በቴሌቪዥን ዓይቷት ነበር። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. በሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተሳትፈው እዚሁ አገር የተሠራች፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተሰየመች፣ ጣሊያኖች ወስደው ለአሥርት ዓመታት ሙዚየም ውስጥ ያቆዩዋት ትንሽ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ናት። ልጁን ያስደነቀው እዚህ መሠራቷ ነው። «እኛ ከሠራናት እኔና አንተም መሥራት እንችላለን» ብሎኝ መጣ፤ ሊከራከሩት አይቻልም።

ዋንዛ እንደ ድሮው በቀላሉ አይገኝም፤ ከአንድ የፈረሰ ቁም ሣጥን በር አገኘሁ። የአጎቴ ሞረድና መሮ እኔ ዘንድ ናቸው። የፀሐይን አካል ጨርሰናል፣ የክንፏ ኮላ ደርቋል፣ ልጁ ሞረድ አያያዝ ከእኔ ቀድሞ ለምዷል። ስለ ክንፏና ስለ ጎኗ ቀለም ተስማምተናል፤ ስሟንም በትልቁ እሱ ነው የሚጽፈው። ስለ ሆዷ ግን እናትና ልጅ አልተግባቡም። ሚጣ አደይ አበባ ትላለች። ልጁ ደግሞ አበባው የእሷ ዳኮታ ነው፣ የእኔ የራሷ ትኑራት ይላል፤ አንድ ቀን ንስር፣ አንድ ቀን ሰፈራችን ከነጣሪያው፣ ትናንት ደግሞ የአያቱ ፊት። እኔ በልጁ በኩል ነኝ፣ ለእህቴም ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ሦስታችንም መርካቶ እንወርዳለን፤ ቀለሙን የሚመርጠው እሱ ነው።